ቡቺ ሩጫ አላነሰውም፤ ያነሰው ዕረፍት ነው

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ቡቺ የሚባል የ14 ወር ቦርደር ኮሊ ውሻ አለኝ። ወንድ ነው፣ በ7 ወሩ ተኮላሽቷል። አገር ቤት እያለሁ ሯጭ ነበርኩ፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት በቼሪ ክሪክ መንገድ እሮጣለሁ። እሱም በየቀኑ 8 ኪሎ ሜትር አብሮኝ ይሮጣል። ማታ 40 ደቂቃ ኳስ እወረውርለታለሁ። ማክሰኞና ቅዳሜ የአጂሊቲ ትምህርት አለን። እሁድ ተራራ እንወጣለን። ይሄ ሁሉ ሆኖ ቤት ሲገባ አይረጋም። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ ደግሞ በደንብ ይዘላቸው የነበሩትን አግዳሚዎች እየጣለ ነው። በተተከሉት እንጨቶች መሃል ሲጥመዘመዝም አቋርጦ ይወጣል። አብሮኝ የሚማር ጓደኛዬ ‹ጉልበቱ አላለቀም፣ ኪሎ ሜትር ጨምርለት› ይለኛል። በመስከረም ላወዳድረው አስቤያለሁ። ምን ልጨምርለት? ሳምንታዊ ፕሮግራሙስ እንዴት ይሁን?»

ምላሽ፦ ምንም አትጨምርለት። እንዲያውም ይህን እንዳነበብክ ሩጫውንም፣ ኳሱንም፣ ዝላዩንም አቁም። ፕሮግራም አወጣልሃለሁ፤ ግን የሚጀመረው ሐኪም ካየው በኋላ ነው።

አጂሊቲን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ውሻው በባለቤቱ ምልክት እየተመራ አግዳሚ ይዘላል፣ በጨርቅ ዋሻ ይሾልካል፣ በ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት በተተከሉ እንጨቶች መሃል ይጥመዘመዛል፣ ሚዛን ላይ ይወጣል። ይህን ሁሉ በሰዓት ተይዞ ነው የሚሠራው። አንድ ዙር 20 ገደማ መሰናክል ቢኖረው ነው፤ ጎበዝ ውሻ ከአንድ ደቂቃ በታች ይጨርሰዋል። ይቺን ደቂቃ ያዝልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ባለፈው ወር ይዘለው የነበረውን አግዳሚ ዛሬ የሚጥል ውሻ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪጣራ ድረስ አሞታል ብለህ ነው መነሳት ያለብህ። ሰነፈ፣ እልኸኛ ሆነ፣ ጉልበት ተረፈው የሚባለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ውሻ ሕመሙን ይደብቃል፤ እንደ ቡቺ ሥራ ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ዘር ደግሞ ይብሳል። ኳስ ካየ በሦስት እግሩም ይሮጣል።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አንድ ጡንቻ ነው። ከወገብ አጥንት ተነስቶ ከጭን አጥንት ውስጠኛ ጎን ጋር ይያያዛል፤ ሥራው የኋላ እግርን ወደፊት መሳብ ነው። ኢሊዮፕሶአስ ይባላል። በአጂሊቲ ውሾች ላይ በብዛት ከሚጎዱት አንዱ እሱ ነው። ችግሩ ውሻው ብዙ ጊዜ በግልጽ አለማነከሱ ነው። የኋላ እርምጃው ያጥራል፣ አግዳሚውን በኋላ እግሩ ይመታል፣ ሲጥመዘመዝ ያቋርጣል። ብሽሽቱን ሲጫኑት ወይም እግሩን ወደኋላ ሲዘረጉት ይሸሻል። ተራ ራጅ ይህን ጡንቻ አያሳይም፤ የሚያገኘው የሠለጠነ እጅና አልትራሳውንድ ነው። ስለዚህ «ራጅ ተነስቶ ደህና ነው ተባለ» ብለህ ወዲያው ወደ ሩጫ እንዳትመለስ። ራጁ ግን ለሌላ ነገር ያስፈልገናል። ቦርደር ኮሊ ገና በዕድገት ላይ እያለ የትከሻ መገጣጠሚያው ልስልስ አጥንት የሚላጥበት በሽታ ከሚያጠቃቸው ዘሮች አንዱ ነው። ዳሌውና ክርኑም በዚሁ አጋጣሚ ይታዩ።

ሐኪም ዘንድ ከመሄድህ በፊት ቪዲዮ ቅረጽ። ጠፍጣፋና ደረቅ መሬት ላይ፣ ገመዱን አላልተህ፣ በሶምሶማ ይሂድ። ከጎን፣ ከፊትና ከኋላ ቅረጸው፤ ስልክህ ላይ አዝግመህ እየው። ፊት እግሩን ካመመው ያ እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ነው የሚያነበው። ሲቀመጥም ተመልከተው። ሁልጊዜ አንዱን እግር ወደ ጎን አውጥቶ የሚቀመጥ ከሆነ ለሐኪሙ ንገር። ቪዲዮው ምርመራን አይተካም። ግን ሐኪም ቤት ሲደርስ ፈርቶ ወይም ተደስቶ ፍጹም ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሞልቷል።

አደራ የምልህ፣ እስከዚያው ብለህ የራስህን የሕመም ማስታገሻ እንዳትሰጠው። አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ፓራሲታሞልም በዘፈቀደ የሚሰጥ አይደለም።

አሁን ወደ ጓደኛህ ምክር። «ጉልበቱን ጨርስለት» የሚለው ሐሳብ ነው እዚህ ያደረሰህ። አንተ ሯጭ ነህ፣ ነገሩን ታውቀዋለህ፦ በየቀኑ 8 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አካል 8 ኪሎ ሜትሩን ይለምደዋል። በሁለት ወር ውስጥ አያደክመውም፤ ከዚያ 10 ያምረዋል፣ ከዚያ 12። ቤት ውስጥ የማይረጋው ሥራ ስላነሰው አይመስለኝም። ከጠዋት እስከ ማታ ሞቅ እንዳለ ስለሚውል መርጋትን አልተማረም። ትልቅ ውሻ እንኳ ከ24 ሰዓቱ ግማሹን ያህል ይተኛል። ቡቺ መቼ ነው የሚተኛው? ደግሞም የሚያመው ውሻ አንድ ቦታ ላይ ተኝቶ አይረጋም፤ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ይቀየራል። አንተ ያየኸው «የተረፈ ጉልበት» ይሄ ሊሆን ይችላል።

«የበግ ጠባቂ ዘር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ለመሮጥ ነው የተፈጠረው» የሚሉም አሉ። በግ የሚጠብቅ ውሻ ግን ቀኑን ሙሉ በአንድ ፍጥነት ሲሚንቶ ላይ አይሮጥም። ይሄዳል፣ ይተኛል፣ ያደባል፣ ለአጭር ጊዜ ይፈተለካል፣ መልሶ ይቆማል። ሣርና ዳገት ላይ ነው የሚውለው። ውሾች በበረዶ ላይ ሸርተቴ በሚጎትቱበት በአላስካው የኢዲታሮድ ውድድር 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍኑትም በረዶው ሳይገባ ጀምሮ ለወራት ቀስ በቀስ የተዘጋጁ ውሾች ናቸው። ማንም ጎረምሳ ውሻ አንስቶ አላሰለፈም።

ዕድሜውንም አስብ። የውሻ ውድድሮችን በሚያዘጋጀው በአሜሪካው ኬኔል ክለብ ሕግ ውሻ በአጂሊቲ ለመወዳደር ቢያንስ 15 ወር ሊሞላው ይገባል። ይህ ዝቅተኛው ገደብ ነው፣ ቀጠሮ አይደለም። የውሻ አጥንት የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ካለ ለስላሳ ክፍል ነው። ያ ክፍል ጠንክሮ እስኪዘጋ ድረስ ድግግሞሽ ያለው ዝላይና ደረቅ መሬት ይጎዳዋል። በመካከለኛ ውሻ አብዛኛው በዓመቱ አካባቢ ይዘጋል፤ በትልልቅ ዘሮች 18 ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሳይጎረምስ የተኮላሸ ውሻ ላይ ደግሞ ይዘገያል፤ ቡቺ በ7 ወሩ ነው የተኮላሸው። ራጅ የሚነሳበት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው። ተዘግቷል አልተዘጋም ብለን ከመገመት ማየት ይሻላል።

ወደዚያች አንድ ደቂቃ እንመለስ። የ8 ኪሎ ሜትር ሩጫ የሚያዳብረው ትንፋሽን ነው። ቡቺ ደግሞ የሚወዳደርበት ነገር ፍንጠራ፣ ድንገተኛ ቁም፣ ጥምዝ እና በፊት እግር ማረፍ ነው። ውሻ ቆሞ እንኳ ከክብደቱ 60 በመቶ የሚሆነውን በፊት እግሮቹ ነው የሚሸከመው፤ ከዝላይ ሲያርፍ ደግሞ ሸክሙ ይጨምራል። ለዚህ የሚያስፈልገው የኋላ እግር ጉልበት፣ የጠነከረ ወገብና ሆድ፣ ሚዛን፣ እና እግሩ የት እንዳለ ማወቅ ነው። የመጨረሻው ቀልድ እንዳይመስልህ፤ ብዙ ውሻ የኋላ እግር እንዳለው የሚያውቅ አይመስልም። ሚዛን ላይ ስታወጣው ፊቱን በጥንቃቄ እያስቀመጠ ኋላውን ዝም ብሎ ይጎትተዋል። አንተ ለመቶ ሜትር ሯጭ የማራቶን ፕሮግራም ነው የሰጠኸው፤ ያውም ዕረፍት የሌለው።

ሦስት መንገድ አለህ። አንደኛው እንደ ድሮው ቀጥሎ መስከረም ላይ ማወዳደር ነው፤ ይህን አልመክርም። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ አሳርፎ ሲሻለው ካቆመበት መጀመር። ብዙ ሰው ይህን ይመርጣል። ውሻው ግን በዕረፍት ጡንቻው ሳስቶ ወደ ድሮው ሸክም ስለሚመለስ ጉዳቱ ያገረሽበታል። ሦስተኛው ሐኪሙ የሚያዘውን ዕረፍት ጨርሶ፣ ከ8 እስከ 10 ሳምንት መሠረት ገንብቶ፣ ከዚያ ዝላይ ማስገባት ነው። የምልህ ሦስተኛውን ነው። መስከረምን እርሳው፤ የአሜሪካው ፀደይ ሲገባ፣ መጋቢት አካባቢ፣ ታወዳድረዋለህ። የከፈልከው ገንዘብ ካለ ይቅርብህ።

ሳምንቱን ስታወጣ መጀመሪያ የዕረፍት ቀኖቹን አስቀምጥ፣ ሌላውን በእነሱ ዙሪያ ሙላ። እኔ ሰኞና ዓርብን አሳርፈዋለሁ። ዕረፍት ማለት ግን ቤት ተቆልፎ መዋል አይደለም። በረጅም ገመድ 30 ወይም 40 ደቂቃ እያሸተተ፣ እየቆመ፣ እሱ በመረጠው ፍጥነት መንሸራሸር ነው። አንተ ትሰለቻለህ፣ እሱ ግን ጋዜጣ እያነበበ ነው።

ማክሰኞ የጉልበት ቀን ይሁን። ከማሟሟቂያው ጋር 15 ደቂቃ ይበቃል፤ የሚያስፈልግህም ኪስህ ውስጥ ያለ ማባበያ ነው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ወደፊት ሳይራመድ እንዲነሳ አድርገው፤ አምስት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና አምስት። ቀጥሎ ወደኋላ በቀጥታ መራመድ። ከዚያ የፊት እግሮቹን ዝቅተኛ ደረጃ ላይ አስቀምጦ በኋላ እግሮቹ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መዞር። በመጨረሻ አምስት ወይም ስድስት የመጥረጊያ እንጨት መሬት ላይ ደርድር። በእንጨቶቹ መሃል ያለው ርቀት ከመሬት እስከ ትከሻው ካለው ቁመት ጋር እኩል ይሁን። በእርምጃ ያልፍባቸው፣ ሲለምድ በሶምሶማ። መዝለል የለም፣ ማለፍ ብቻ። እግሩ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወይም ተጣሞ መቀመጥ ካመጣ ያን ቀን ጨርሷል። «አንድ ጊዜ ብቻ» አትበል፤ ጉዳት የሚመጣው በዚያች አንድ ጊዜ ነው።

ረቡዕ ሶምሶማ ነው። እዚህ ላይ ሯጭነትህ ፈተና ይሆንብሃል። አንድ ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ስትሮጥ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው። ቡቺ በዚህ ፍጥነት ብዙ ጊዜ ከሶምሶማ ወጥቶ ወደ ግልቢያ ይገባል። ሲጋልብ የሚያመውን እግር በሌላው መሸፈን ይችላል። በሶምሶማ ግን ሁለቱም ጎን እኩል ይሠራል። ስለዚህ ሰዓትህን ሳይሆን እግሩን እይ። የቀኝ ፊትና የግራ ኋላ እግሩ አብረው መሬት መንካት አለባቸው። ያን ፍጥነት እስክታገኝ ቀስ በል። መጀመሪያ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ እየጨመርክ እስከ 25 ይበቃዋል። ሲሚንቶውን ትተህ ከጎን ባለው አፈር ወይም ኮረኮንች ላይ ሩጥ።

ሐሙስ ክህሎት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዋሻና የአቅጣጫ ምልክት ብቻ። ኋላ አግዳሚ ሲገባም ከክርኑ ቁመት አይበልጥ። ቡቺ ቁመቱ 48 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ የውድድሩ አግዳሚ 20 ኢንች ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ይሆንበታል። በሙሉ ከፍታ ማዘለል በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ጥቂት ዝላይ ነው። ዙሩን ለመማር ከፍታ አያስፈልግም። ወደ ትምህርቱ ስትመለስም በሳምንት አንዱን ቀን ብቻ ያዝ።

ቅዳሜ እንደገና ጉልበት፤ ግን ደረጃውን ትተህ ዳገት በእርምጃ ውጣ። ዳገት በዝግታ መውጣት ለኋላ እግር ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጣል። እሁድ ለስላሳ መሬት ላይ አንድ ሰዓት ገደማ ነጻ ጉዞ። ተራራውን አልከለከልኩህም፣ አሳጥረው ብቻ።

ጭማሪ ላይ አንድ ሕግ አለኝ፦ በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ። ደቂቃ ከጨመርክ ከፍታ አትጨምር። አራተኛው ሳምንት ሁልጊዜ ቀለል ይበል። ልብና ሳንባ በፍጥነት ይበረታሉ፣ ጡንቻ ይከተላል፣ ጅማትና አጥንት ግን ወደኋላ ይቀራሉ። ውሻው «እችላለሁ» ሲልህ የሚናገረው ሳንባው ነው። እንጦጦ ላይ ሯጮቻችን ከከባድ ልምምድ ማግስት ምን ያህል ቀስ ብለው በጫካው እንደሚዞሩ አንተው ታውቃለህ። ለራስህ የምታውቀውን ለውሻህ ነፈግከው።

ማሟሟቂያ ለነገ የሚባል አይደለም። ከመኪና አውርዶ በቀጥታ አግዳሚ ላይ መልቀቅ ትልቁ ስህተት ነው። አምስት ደቂቃ እርምጃ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሶምሶማ፣ በሁለቱም በኩል ጥቂት ዙረት፣ ከዚያ ዝቅተኛ ዝላይ። ሲጨርስም 10 ደቂቃ ማንሸራሸር። እግሩን ይዘህ መሳብ አያስፈልግም፤ በተለይ ሳይሞቅ እንዳታደርገው።

የኳስ መወርወሪያዋን ቢቻል ለሰው ስጣት። 40 ደቂቃ መወርወር ማለት በአስር የሚቆጠር ድንገተኛ ፍሬንና ጥምዝ ማለት ነው፤ ሁሉም ደግሞ ሳይታሰብ። ያለ ኳስ ኑሮ የለም ካልክ፣ ተቀምጦ ይጠብቅ፤ ኳሱ ተንከባሎ ሣር ውስጥ ከቆመ በኋላ ሄዶ በአፍንጫው ይፈልገው። አምስት ጊዜ፣ በቃ። ኳስ ሲያባርሩ ቆይተው የሚንገዳገዱና የሚወድቁ ቦርደር ኮሊዎች እንዳሉም እወቅ። ላብራዶር ላይ ለሚታየው ተመሳሳይ ችግር የዘር ምርመራ አለ፤ ለዚህ ዘር ግን የለም። አንድ ጊዜ ከተንገዳገደ ጨዋታው በቋሚነት ይቀየራል።

ሙቀት ላይ ቀልድ የለም። እኛ በላብ እንቀዘቅዛለን፤ ውሻ ላብ የሚያልበው በመዳፉ ብቻ ስለሆነ የሚያቀዘቅዘው ማለክለኩ ነው። ጤነኛ ሙቀቱ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ምላሱ ሰፍቶ ሲንጠለጠል፣ ጥላ መፈለግ ሲጀምር፣ ጥሪህን ሲዘገይ ወዲያው አቁም። መንገዳገድና ማስመለስ ከመጡ አደጋ ነው። እዚያው ቦታ መላ አካሉን ውሃ አፍስስበት፣ ንፋስ ስጠው፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ሩጥ። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ መጓዝ። እርጥብ ፎጣ አልብሰኸው አትጓዝ፣ ሙቀቱን ያምቀዋል። በሙቀት ወራት ከመውጣትህ በፊት የእጅህን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ሰባት ሰከንድ አስቀምጥ፤ ካልቻልክ እሱም አይችልም።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ለአንድ ደቂቃ ስፖርት የበረዶ ላይ ውሻ ምግብ አያስፈልገውም፤ ጥሩ የዘወትር ምግብ ይበቃዋል። የጎድን አጥንቱን ስትዳብሰው የራስህን የእጅ ጀርባ እንደመዳበስ ሊሰማህ ይገባል። እንደ መዳፍህ ከሆነ ወፍሯል። በ48 ላብራዶሮች ላይ ለዓመታት በተደረገ ጥናት 25 በመቶ ያነሰ የተመገቡት ሁለት ዓመት ገደማ የሚጠጋ ዕድሜ ጨምረዋል፤ የመገጣጠሚያ ብግነቱም ዘግይቶባቸዋል። ከከባድ ልምምድ በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ሆዱ ቀለል ይበል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «ትንሽ ብትቀምስ» እያለ ወጥ የሚያጎርሰውን ዘመድ አስቁምልኝ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሁለቱ አይሠራም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ይህ ፕሮግራም የማይሠራው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ሐኪሙ የዳሌ፣ የክርን ወይም የትከሻ ችግር ካገኘ እኔ የጻፍኩትን ተወውና እሱ የሚለውን ያዝ። በተሃድሶው መሃል አግዳሚ መጣል ከተመለሰም በራስህ «ትንሽ ላሳርፈው» አትበል፤ ተመልሰህ አስመርምረው። የምትኖርበት አገር የእንስሳት ስፖርት ሕክምናን ከ2010 ጀምሮ እንደ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ያወቀ ነው። እኔ ቢሾፍቱ ስማር ላሙንና የጋማ ከብቱን ነበር የምናየው፤ አግዳሚ የሚዘል ውሻ ያን ጊዜ ማን አስቦት! የዘወትር ሐኪምህ ወደ ስፔሻሊስት እንዲልክህ ጠይቀው።

የራስህን ሩጫ ግን አታቁም። ለብቻህ ሩጥ። በመጀመሪያው ሳምንት በሩ ላይ ቆሞ ያለቅስብሃል፣ ጎረቤትም ይሰማል። ጫማህን ከማሰርህ በፊት የቁርሱን ግማሽ ሣር ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ በትንለት፣ አፍንጫውን ደፍቶ ይልቀም። ስትመለስ ተኝቶ ካገኘኸው አትቀስቅሰው።